ያቀለልኳቸው የእናቴ ንድፎች

እኔ የሰው ፎቶ በማሳነስ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። አየር ጤና ታክሲ ተራው አጠገብ ካሉት የፎቶ ኮፒና የኢንተርኔት ቤቶች በአንዷ ተቀምጬ ለሰው ፎርም እሞላለሁ፤ የፓስፖርት፣ የትምህርት ቤት፣ የሥራ ማመልከቻ፣ ወቅቱ ሲደርስ ደግሞ ዲቪ። ፎርም ሞልታችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩ አይጠፋችሁም። ሁሉን ጨርሳችሁ፣ ማስረጃችሁን አያይዛችሁ ልትልኩ ስትሉ "ፋይሉ ከብዷል" ብሎ ይመልሳችኋል። ያን ጊዜ ሰዉ ላብ በላብ ሆኖ እኔ ጋ ይመጣል፤ እኔም አቀልለታለሁ። "መቅዲ ጋ ውሰደው፣ እሷ ላባ ታደርግልሃለች" ይባላል በሠፈሩ። በዚህ ሙያዬ ትንሽ እኮራም ነበር።

ይህን ያስቀደምኩት ጉራ ለመንፋት አይደለም። ቀጥዬ የማወራችሁን ስትሰሙ "እንዴት እንዲህ ያለ ሞኝነት ትሠራለች" ማለታችሁ ስለማይቀር፣ እጄ ምን እንደለመደ አስቀድማችሁ እወቁልኝ ብዬ ነው።

እናቴ ዘነበች የጥልፍ ንድፍ አውጪ ናት። የሐበሻ ቀሚስ ላይ የምታዩት ጥልፍ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይሳላል። ከዚያ ጠላፊው ወረቀቱን መስመር መስመሩን እየተከተለ በመርፌ ይበሳዋል፣ ጨርቁ ላይ ያነጥፈዋል፣ በላምባ የተበጠበጠ ሰማያዊ ቀለም ያሽበታል። ቀለሙ በቀዳዳዎቹ ሾልኮ ጨርቁ ላይ ምልክት ይተዋል፤ በዚያ ምልክት ላይ በማሽን ይጠለፋል። ወረቀቱ ግን ከዚያ በኋላ ወረቀት አይባልም። ስለዚህ እናቴ ዋናውን ንድፍ ለማንም ሰጥታ አታውቅም። ስስ ወረቀት ከላይ ታነጥፍና በእጇ ገልብጣ፣ ግልባጩን ትሰጣለች። ዋናዎቹ ኮልፌ ባለችው ቤታችን አልጋዋ ሥር ተጠቅልለው ይቀመጣሉ፤ እኛ ልጆቿ እንኳ እጃችንን ሳንታጠብ አንነካቸውም ነበር።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ዓይኗ ይከዳት ጀመር። ሐኪሙ "ያለውን እንጠብቅ እንጂ የሄደው አይመለስም" አላት። ፊት ትለያለች፣ መንገድ አትስትም፤ ቀጭን መስመር ግን ጠፋባት። መገልበጥ ተወች። መገልበጥ ያቃተው ሰው አዲስ መሳል ደግሞ የማይታሰብ ነው።

በዚያ ሰሞን አንድ ፎርም ሊያስሞላ የመጣ ልጅ ሥዕል ስለሚሸጡ ድረ ገጾች ነገረኝ። ሥዕላችሁን ትልካላችሁ፣ መርማሪዎች ያዩታል፣ ካለፈ ከየትም አገር ያለ ሰው ይገዛዋል። ገንዘቡን አልጠላሁም፤ ልቤን የያዘው ግን ሌላ ነበር። ከሥዕሉ ሥር የሠዓሊው ስም ይጻፋል። በእናቴ ንድፍ አጊጠው የተዳሩ ሙሽሮች ሞልተዋል፤ አንዷም ስሟን አታውቀውም። ሌላው ቢቀር ዓይኗ ጨርሶ ሳይጠፋ ሥራዋ በስሟ አንድ ቦታ ይቀመጥ አልኩ።

"ስሜ ይጻፋል?" አለችኝ ስነግራት።

"ይጻፋል።"

"የአባቴም?"

"የአባትሽም።"

ሳቀች። "እንግዲያው ፈጠን በይ፤ ዓይኔ ቀጠሮ አይጠብቅም።"

ቅዳሜ ከሰዓት የምሠራበት ቤት ባለቤት ጋሽ ፈለቀ ለቅሶ ሄደው ስለነበር ወረቀት የሚያነሳውን ማሽን፣ ስካነሩን፣ ለብቻዬ አገኘሁት። ንድፎቹን አንድ በአንድ እያነጠፍኩ አነሳኋቸው። ማሽኑ በስንት ላንሳው ብሎ ይጠይቃል፤ ከመቶ እስከ ስድስት መቶ ምርጫ አለው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ምስሉ ይጠራል፣ ፋይሉም ይከብዳል። እጄ ሳያማክረኝ መቶ ላይ ሄደ። ለፎርም የሚበቃው መቶ ነዋ። በዚያ ላይ ኢንተርኔቱ እየተንፏቀቀ ስለነበር፣ እንደ ልማዴ ሁሉንም የበለጠ አቀለልኳቸውና ላኳቸው። ስክሪኑ ላይ ሳያቸው ያምሩ ነበር።

ቤት ስገባ እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ወረቀቶቹን ተቀብላ በጣቷ ዳር ዳራቸውን ዳበሰች።

"አልተጎዱም?"

"ምን ይሆናሉ እማዬ። አሁን ኮምፒውተር ውስጥ ገብተዋል። ከእንግዲህ ወረቀቱ ቢቃጠል እንኳ ንድፎቹ ምንም አይሆኑም።"

ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በነከስኩት ኖሮ።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ገብቼ ኢሜይሌን ስከፍት መልሱ መጥቷል። ሁሉም ተመልሰዋል። ምክንያቱ ላይ "የምስሉ መጠን ከሚፈለገው በታች ነው" ይላል። መጀመሪያ ሳቅሁ። ሰው ሁሉ አሳንሽልኝ እያለ በሚለማመጥበት ቤት ቁጭ ብዬ፣ አንሷል የሚለኝ ሰው አገኘሁ። ከዚያ ተናደድኩ። ትልቅ ከፈለጋችሁ ትልቅ አደርግላችኋለሁ አልኩና በፕሮግራም እየለጠጥኩ፣ ቁጥሩ የሚሉት ድረስ ሲደርስ መልሼ ላኳቸው። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ እያስጠበቅሁ ያን ስሠራ ዋልኩ። ያን ቀን በመለጠጥ ባላባክነው፣ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ሁለተኛው መልስ መጣ። "ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ ከትንሽ ቅጂ የተለጠጠ ይመስላል። ከዋናው ሥዕል በከፍተኛ ጥራት አንስተው ይላኩ።"

ሰደብኳቸው። ባዶ ቤት ስለነበር ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የሰደብኳቸው። የምንልክበትን ኢንተርኔት አያውቁት፣ መብራታችንን አያውቁት፣ ከፍተኛ ጥራት ይላሉ። ስድቡ ሲወጣልኝ ግን አንዱን ምስል ራሴ ከፍቼ አቀረብኩት። እናቴ እጇን ሳታነሳ ያወረደችው የወይን ሐረግ ደረጃ ደረጃ ሠርቷል። ትንንሽ አራት ማዕዘን ነገሮች ተደራርበው እንጂ መስመር የለም። ወጥ ውሃ ሲጨመርበት ድስቱ ይሞላል እንጂ ሥጋው አይበዛም። እኔም ያደረግሁት ያንኑ ነው።

ቢሆንም አልደነገጥኩም። ዋናዎቹ አልጋ ሥር አሉ፤ ዛሬ አምጥቼ በስድስት መቶ አነሳቸዋለሁ ብዬ ለእናቴ ደወልኩ።

"እማዬ፣ ወረቀቶቹን አውጥተሽ ጠብቂኝ፤ እንደገና ላነሳቸው ነው።"

"የምን ወረቀት?"

"ንድፎቹን ነዋ።"

"ለደምሴ ሰጠሁት እኮ። ትናንት ከሰዓት መጥቶ ወሰደ። ማታ ልነግርሽ ስል ደክሞሽ ተኛሽ።"

"ግልባጩን ነው የሰጠሽው?"

"የምን ግልባጭ? መገልበጥ ከተውኩ ስንት ጊዜዬ። ዋናዎቹን ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ገብተዋል፣ ወረቀቱ ቢቃጠልም ግድ የለም አላልሽኝም? እኔ ደግሞ ከሚቃጠል ሙሽራ ትልበሰው አልኩ።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ተነሳሁ። ጋሽ ደምሴ ኮልፌ አጠና ተራ ጥልፍ ቤት ያላቸው፣ ከእናቴ ጋር ከድሮ ጀምሮ የሠሩ ሰው ናቸው። ደወልኩላቸው፤ አያነሱም። እዚያ ቤት ማሽኖቹ ሲጮሁ እንኳን ስልክ ሰው ከጎንህ ቢጠራህ አይሰማም። ጋሽ ፈለቀ በር ላይ አገኙኝና "ወዴት ነው?" ሲሉኝ "እናቴ ናት ጋሼ" ብዬ አለፍኳቸው። ውሸት አልነበረም።

ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ታክሲ ተራው ላይ ሰልፉ ተጠማዟል። እንደምንም ገባሁ፤ ከገባሁ በኋላ ደግሞ ረዳቱ "አንድ ሰው ነው የቀረው" እያለ በሩን ይዞ ቆመ። አንድ ሰው ማለት እኮ አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ግን አይመጣም። የሱን ሒሳብ እኔ ልክፈልና እንሂድ አልኩት። እንደ እብድ አየኝና ተቀብሎ ዘጋው። ጦር ኃይሎች ስንደርስ መንገዱ ቆመ። መርፌው ወረቀቱ ላይ ሲወጣና ሲገባ በዓይነ ኅሊናዬ እየታየኝ፣ እደውላለሁ፣ አይነሳም፣ እደውላለሁ፣ አይነሳም። አጠገቤ የተቀመጡ እናት "ልጄ፣ ሰው ታሞብሽ ነው?" አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ? ወረቀት ሊበሳብኝ ነው ይባላል? አዎ አልኳቸው። "ማርያም ትድረስልሽ" አሉኝ።

አጠና ተራ ወርጄ በጭቃው ውስጥ ሮጥኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለኔ ሳይሆን አይቀርም። ጥልፍ ቤቱ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረውን ገመድ ነው። የእናቴ ንድፎች እንደ ታጠበ ልብስ ተሰቅለው ቀለማቸው ይደርቃል። ወይኑ ተሰቅሏል። ወፎቹ ተሰቅለዋል። ሁሉም ሰማያዊ ሆነዋል።

ጋሽ ደምሴ ከጠረጴዛው ቀና አሉ። "መቅዲ፣ በዝናቡ ምን አወጣሽ?"

"በሱዋቸው ጋሽ ደምሴ?"

"እና ልስማቸው ኖሯል? ሙሽራዋና ሚዜዎቿ ሐሙስ ይፈልጋሉ። ከትናንት ጀምሮ ከሠራተኞቹ ጋር ስንበሳ ነው የከረምነው።"

"ዋናዎቹ እኮ ናቸው።"

"አውቃለሁ።" መርፌውን አስቀመጡ። "ስትሰጠኝ ጥቅሉን ቶሎ አልለቀቀችውም። 'ዘኑ፣ ዋናው ነው እንዴ?' አልኳት። 'ልጄ አስቀምጣልኛለች' አለችኝ። አላስቀመጥሽም?"

ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ ሄደ። አንድ ንድፍ በፊታቸው ተዘርግቷል፤ አንድ ጥጉ ብቻ ተበስቷል፣ ቀለም አልነካውም። የስንዴው ዛላ ነበር። እናቴ "ይሄ እንኳ እጄ ሳይፈታ የሠራሁት ነው" እያለች ሁልጊዜ ከታች የምታደርገው። የምትወዳቸው ሁሉ ገመዱ ላይ ናቸው፤ የማትወደው ተረፈ። እጄን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ።

"ይሄን ለዛሬ ስጡኝ።"

"ልጄ፣ ይሄ የቀሚሱ ታች ነው። እሱ ከሌለ ምኑን እሠራለሁ?"

"ነገ ጠዋት ማሽንዎን ሳይከፍቱ እዚህ አደርሳለሁ። እናቴ ትሙት።"

ንድፉን በላስቲክ ጠቅልለው ሰጡኝና፣ ገመዱ ላይ ያሉትንም አውርደው ጨመሩልኝ። "እነዚህንም ሞክሪያቸው፤ ምናልባት" አሉ። ምናልባቱን ሲሉት እሳቸውም አላመኑበትም።

አየር ጤና ስመለስ ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር። ስድስት መቶን መረጥኩ። ማሽኑ እንዲህ ሲሠራ አይቼው አላውቅም፤ መብራቱ ከመስተዋቱ ሥር የሚሄድ አይመስልም።

"ተበላሸ እንዴ?" አሉ ጋሽ ፈለቀ።

"እያነሳ ነው።"

"ይሄን ሁሉ ሰዓት? ሰው ቆሟል መቅዲ፣ ቀንሺው።"

"አልቀንስም ጋሼ።"

እንዲህ ብዬ መልሼላቸው ስለማላውቅ ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ ደንበኞቹ ዞሩ። ማሽኑ መሐል ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። እኔና ወረቀቱ ቀረን። ደንበኞቹ እያጉረመረሙ ወጡ፣ ጋሽ ፈለቀም ወጡ፤ እኔ ወረቀቱን ከማሽኑ ሳላነሳ ጠበቅሁ። ከቀትር በኋላ መብራቱ መጣና ሁለተኛ አነሳሁት፤ ይሄኛው እስከ መጨረሻው ሄደ። የተበሱትንም አነሳኋቸው። ቀዳዳዎቹ ጥቁር ነጠብጣብ ሆነው፣ ቀለሙ መስመሩን ውጦት፣ የፈንጣጣ ፊት መስለው ወጡ። ብልካቸውም ድረ ገጹ ሳይውል ሳያድር መለሰብኝ።

ለእናቴ ስነግራት አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። "አንቺ ነሽ ያልሽኝ" አለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ። በማግሥቱ ጠዋት ንድፎቹን ለጋሽ ደምሴ አድርሼ ስመለስ፣ እናቴ ብርሃን ይሻለኛል ብላ በሩ ላይ ወንበር አውጥታ ወይኑን እንደገና ልትስለው ስትሞክር አየኋት። እጇ መንገዱን ያውቀዋል። ቅጠሉን ዞረችው፤ ግን መስመሩ ከጀመረበት ሳይገናኝ፣ ትንሽ አልፎ ሄደ። ያልገጠመ መሆኑ አይታያትም። "እንዴት ነው?" አለችኝ። ጥሩ ነው አልኳት። ወረቀቱን ሰብስባ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ እርሳስ አላነሳችም።

የስንዴው ዛላ ግን የድረ ገጹን ምርመራ አለፈ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ከጓደኛዬ ላፕቶፕ ተውሼ ጠበቅኋት።

"ይሄው ስምሽ። ከነአባትሽ።"

ፊቷን አስጠግታ አየች። "ሥዕሉ አይታየኝም" አለች። "ነጭ ነገር ብቻ ነው።"

አቀረብኩት። "አሁንስ?"

"አሁንም።"

አቀረብኩት፣ አቀረብኩት። አንዲት የስንዴ ፍሬ ስክሪኑን ሞላችው። መስመሩ እንደ ጣት ወፍሮ፣ ጠርቶ፣ እርሳሱ ጠበቅ ያለበትና ላላ ያለበት ሳይቀር እየታየ ቆመ። እናቴ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ መስመሩን ተከተለችው፤ አልሳተችም።

"ይሄን እኔ ነኝ የሳልኩት?"

"አንቺ ነሽ።"

"እንዲህ ነበር የምሠራው?" እንባዋ መጣ። "ሠርቼ ስሰጥ እንጂ እንዲህ አይቼው አላውቅም። ይሄ እኮ የማልወደው ነው መቅዲ። ይሄ እንዲህ ከሆነ ሌሎቹማ... እስቲ ወይኑን አሳዪኝ።"

ወይኑን ከፈትኩ፤ ያቀለልኩትን፣ ያለኝን አንዱን ቅጂ። "አይታየኝም፣ አቅርቢው" አለች። አቀረብኩ። እሷ ማየት የምትችልበት መጠን ላይ ሳይደርስ መሰባበር ጀመረ። አንዴ ደግሞ ባቀርበው ወይኑ ወይን መሆኑ ይቀራል። እናቴ ፊቷን አስጠግታ፣ ፈገግ እንዳለች ትጠብቃለች። ላፕቶፑን ዘጋሁት።

"ምነው?"

"ባትሪው አለቀ እማዬ።"

እንግዲህ እናንተ አንባቢዎቼ፣ ይህን ያህል ካዳመጣችሁኝ አንድ ነገር ልበላችሁ። የምትልኩትን እንደፈለጋችሁ አሳንሱ፤ የምታስቀምጡትን ግን አታሳንሱ። አባታችሁ በእጁ የጻፈው፣ እናታችሁ የሳለችው ነገር ካለ ማሽኑ ያለውን ትልቁን ቁጥር ምረጡ፤ ይዘግይ፣ ይክበድ፣ ባለቤቱ ይቆጣ። ከትልቁ ትንሽ ማውጣት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከትንሹ ትልቅ የሚያወጣ ግን እኔ እስካሁን አላገኘሁም፤ አለ የሚሉትንም ሁሉ ሞክሬያለሁ። በየጊዜው አዲስ ፕሮግራም ወጣ ሲሉኝ ወይኑን አስገብቼ አያለሁ። አንዳንዱ ጥርት ያለ መስመር ያወጣል፤ መስመሩ ግን የእናቴ አይደለም።

አሁን ሰው ሰነዱን ይዞ ሲመጣ አስቀድሜ ትልቁን አንስቼ በፍላሽ እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ ነው የማቀልለት። "ይሄ ደግሞ ለምኔ ነው?" ይሉኛል። አብዛኞቹ ጠረጴዛው ላይ ረስተውት ይሄዳሉ። ያናድደኛል፤ ተከትዬ ወጥቼ የምሰጥበት ጊዜም አለ።

የእናቴ ዓይን ከዚያ ወዲህ ሌላም ቀንሷል። የስንዴውን ፍሬ አሁንም ታየዋለች፤ ከበፊቱ የበለጠ አቀርብላታለሁ፣ እሱም አያልቅበትም። አይታ ስትጨርስ ወደኔ ዞር ትልና ትጠይቀኛለች።

"ባትሪው ሞላ?"